ምርጫና በስልጣን ላይ ያሉ ኃላፊዎች፦ ከድምፅ መስጫው እስከ ርክክቡ

ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በመንግስት መስሪያ ቤቶች በስልጣን ላይ ያለ ኃላፊ ስልጣኑ የሚያበቃው መቼ ነው የሚል ጥያቄ ሲነሳ ይሰማል። ድምፅ በተሰጠበት ዕለት ነው ወይስ ተተኪው ቃለ መሃላ ሲፈጽም? ጥያቄው ለንድፈ ሃሳብ ያህል የሚነሳ አይደለም። በዚያ መካከል የተፈረመ ሹመት፣ ውል ወይም መመሪያ ኋላ ላይ ክርክር ሲያስነሳ፣ መዝገቡን ይዞ መልስ እንዲሰጥ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ በቦታው የቆየው ሰራተኛ ነውና።

የኢፌዴሪ ህገ መንግስት በአንቀጽ 58 የህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የስራ ዘመን አምስት ዓመት መሆኑን ይደነግጋል። ዘመኑ ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊትም አዲስ ምርጫ ተካሂዶ እንዲጠናቀቅ ያዛል። በመሆኑም በምርጫ የተሸነፈ አባል በማግስቱ ወንበሩን አይለቅም። ነባሩ ምክር ቤት የስራ ዘመኑ እስኪያበቃ ድረስ በህግ ፊት ሙሉ ምክር ቤት ነው፤ የአባላቱ ያለመከሰስ መብትም እስከዚያው ይጸናል።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ሲሆን የስራ ዘመኑም የምክር ቤቱ የስራ ዘመን ነው። የሚኒስትሮች ሁኔታ ግን ይለያል። ህገ መንግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ውጭም ብቃት ያላቸውን ግለሰቦች በሚኒስትርነት እንዲያቀርብ ስለሚፈቅድ፣ በምርጫ ክልሉ የተሸነፈ ሚኒስትር በምክር ቤቱ ይሁንታ እንደገና ሊሾም ይችላል። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ የሚመረጠው ለስድስት ዓመት በመሆኑ ጠቅላላ ምርጫ ከቦታው አያነሳውም። ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ከ2013ቱ ምርጫ በፊትም በኋላም በርዕሰ ብሔርነት ማገልገላቸው ለዚህ አብነት ነው።

ህገ መንግስቱ ጥብቅ ገደብ የሚጥለው ምክር ቤቱ ዘመኑ ሳያበቃ በሚበተንበት ጊዜ ነው። በአንቀጽ 60 መሰረት በስልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጥምረት የዕለት ተዕለት የመንግስት ስራ ከማከናወንና ምርጫ ከማካሄድ በስተቀር አዲስ አዋጅ፣ ደንብና ድንጋጌ ማውጣትም ሆነ ነባር ህግ መሻርና ማሻሻል አይችልም። አዲሱ ምርጫም በስድስት ወር ውስጥ መካሄድ ይኖርበታል። በመደበኛው ምርጫና በርክክቡ መካከል ላለው ጊዜ ግን ህገ መንግስቱ ተመሳሳይ ገደብ በግልጽ አላስቀመጠም። ክፍተቱን በአመዛኙ የሚሞላው የኃላፊዎች ጥንቃቄ ነው፤ ይህ ደግሞ ከኃላፊ ኃላፊ ይለያያል።

ጎረቤት ኬንያ በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ በ2010 የጸደቀው ህገ መንግስቷ በአንቀጽ 134፣ ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ የመጀመሪያ ድምፅ መስጫ ዕለት አንስቶ አዲሱ ፕሬዚዳንት ስልጣን እስኪረከብ ድረስ ነባሩ ፕሬዚዳንት ዳኞችንና የካቢኔ አባላትን እንዳይሾም፣ ይቅርታም እንዳያደርግ ይከለክላል። በብሪታንያ ፓርላማው ሲበተን አባላቱ ወዲያውኑ አባልነታቸውን ያጣሉ፤ ሚኒስትሮች ግን በስራቸው ላይ ይቆያሉ። ሰኔ 27 ቀን 2016 ዓ.ም በተካሄደው ምርጫ ወንበራቸውን ያጡት ግራንት ሻፕስ ድምፅ በተሰጠበት ዕለት የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ።

በአገራችን በ2012 ዓ.ም ያጋጠመው ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ለነሐሴ 23 ተይዞ የነበረው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ሲራዘም የምክር ቤቱ የስራ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ፣ ህገ መንግስቱን ማሻሻልና የህገ መንግስት ትርጉም መጠየቅ የሚሉ አራት አማራጮች ቀርበው የመጨረሻው ተመረጠ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም በሰጠው ውሳኔ የፌዴራልና የክልል ምክር ቤቶች ምርጫ እስኪካሄድ በስራቸው እንዲቀጥሉ ፈቀደ። ጉዳዩ ሁሉንም ወገን አላስማማም። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ከውሳኔው ሁለት ቀናት ቀደም ብለው ስልጣናቸውን ለቀዋል፤ የትግራይ ክልልም በጳጉሜን ወር የራሱን ምርጫ ሲያካሂድ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫውን ተቀባይነት የሌለው ብሎታል። አገር አቀፉ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም ተካሂዶ አዲሱ መንግስት የተመሰረተው መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም ነበር። ከመደበኛው ዘመን በላይ በቆየው በዚያ አንድ ዓመት የኃላፊዎች ስልጣን መሰረት የመራጩ ድምፅ ሳይሆን የህገ መንግስት ትርጉም ነበር።

ርክክቡ ራሱ የሚሰናከልበት ጊዜም አለ። በግንቦት 1997 ዓ.ም ምርጫ የአዲስ አበባ ምክር ቤትን ያሸነፈው ተቃዋሚ ወገን ከተማዋን ሳይረከብ በመቅረቱ ነባሩ አስተዳደር ለአንድ ዓመት ያህል ስራውን ቀጠለ። በግንቦት 1998 ዓ.ም በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሰየመ፤ የከተማዋ ነዋሪዎች ምክር ቤታቸውን እንደገና የመረጡት በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ነበር።