አርማታ፦ ሲቦካ ውኃው ይመጠን፣ ከፈሰሰ በኋላ አይጓደል

ባሕር ዳር፦ ምርት ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ ያሉት የበጋ ወራት በአማራ ክልል ከተሞችም ኾነ በገጠር ቀበሌዎች ግንባታ የሚበዛባቸው ናቸው። አርሶ አደሩ ከሰብሉ ሽያጭ ባገኘው ገንዘብ ቤት ይጀምራል፤ የከተማ ነዋሪውም ለዓመታት ያጠራቀመውን ለምሰሶና ለሶሌታ ያውላል። ይሁን እንጂ ፀሐይና ነፋስ የሚበረቱበት ይህ ወቅት አርማታ በቀላሉ የሚጎዳበትም ነው።

ብዙዎች አርማታ እንደ ጭቃ ደርቆ የሚጠነክር ይመስላቸዋል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ግን ከውኃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ውሕደት ነው። ስለዚህም የአርማታ ጥራት በዋናነት በሁለት ጊዜያት በሚደረግ የውኃ አጠቃቀም ይወሰናል፤ ሲቦካ እና ከፈሰሰ በኋላ።

ለምሰሶና ለሶሌታ በተለምዶ የሚሠራበት ድብልቅ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ እና 3 እጅ ጠጠር ነው። ርዝመቱ 50፣ ስፋቱ 40፣ ከፍታው 18 ሴንቲ ሜትር የኾነ የመለኪያ ሳጥን ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይመጣጠናል። አሸዋው ከአፈር የጸዳ መኾን አለበት፤ በእጅ ሲታሽ መዳፍን የሚያቆሽሽ ከኾነ መታጠብ ይገባዋል።

ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ያህል ውኃ በቂ ነው፤ ይህም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሩብ መኾኑ ነው። አሸዋው እርጥብ ከኾነ ከዚህም ይቀነሳል። ድብልቁ እንዲቀጥንና ሥራው እንዲቀል ሲባል ውኃው 35 ሊትር ቢደርስ፣ የአርማታው ጥንካሬ በሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ትርፉ ውኃ ሲተን ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይተዋል፤ በእነዚህም እርጥበት ገብቶ ፌሮውን ያዝጋል። የዛገ ፌሮ ደግሞ እያበጠ አርማታውን ይሰነጥቃል። በመስኖ ቦይና በውኃ ማጠራቀሚያ ላይም ውጤቱ ማፍሰስ ነው።

የተቦካው አርማታ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ቦታው ላይ መዋል አለበት። መጠንከር ከጀመረ በኋላ ውኃ ጨምሮ እንደገና ማቡካት ጉዳቱ የከፋ ነው። ከ1 ነጥብ 5 ሜትር በላይ ከኾነ ከፍታ መጣልም ጠጠሩን ከሲሚንቶው ይለያል። አየሩ እንዲወጣ በቫይብሬተር መነዝነዝ ይኖርበታል። ጣውላው ሲነሳ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሮ የሚታይ ምሰሶ በልስን ቢሸፈንም ድክመቱ አይወገድም፤ ባለቤቱ ከመለሰኑ በፊት በባለሙያ ሊያስመረምረው ይገባል።

ሁለተኛው ጊዜ የሚጀምረው የአርማታው ፊት ሲጠነክር ነው። ቢያንስ ለ7 ተከታታይ ቀናት እርጥበቱ ሳይቋረጥ መጠበቅ አለበት፤ ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ከኾነ እስከ 14 ቀናት ማድረሱ ይመረጣል። ጠዋትና ማታ ብቻ ውኃ መርጨት በበጋ ፀሐይ በቂ አይደለም። ምሰሶን በእርጥብ ጆንያ መጠቅለል፣ በሶሌታ ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ በአሸዋ ትንሽ ክትር ሠርቶ ውኃ ማቆር ብዙ ወጪ የማይጠይቁ መፍትሔዎች ናቸው። የአርማታ ጥንካሬ በተለምዶ የሚለካው በ28ኛው ቀን በመኾኑ፣ የሶሌታው ድጋፎች ያለ መሐንዲስ ፈቃድ መነሳት የለባቸውም።

ችግኝ ተክሎ ውኃ የሚነፍግ አርሶ አደር የለም። የሚኖርበትን ቤት የሚሸከመው አርማታም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሻው ያንኑ እንክብካቤ ነው።