የመኪናዎ ጎማ ስንት ዓመቱ ነው?



ዒድ በደረሰ ቁጥር ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚጓዘው ቤተሰብ ብዛት ለሁላችንም የታወቀ ነው። አባት መሪ ይዞ፣ እናት ከጎኑ፣ ከኋላ አያትና ልጆች፣ ከላይም ጓዝ ተጭኖ ረጅም መንገድ ይጀመራል። ከመነሳታችን በፊት ዘይት እናያለን፣ ውሃ እንጨምራለን፣ መስታወት እንወለውላለን። ጎማን ግን ብዙዎቻችን በእግራችን መታ መታ አድርገን «ደህና ነው» ብለን እናልፈዋለን። ያ ሁሉ ሰውና ጓዝ ከመሬት ጋር የሚገናኘው ግን እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ በሚያህሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕትማችን ስለ ጎማ ግዢና አያያዝ ጥቂት ለማለት ወደድን።

በነፋስ የሚሞላ ጎማ በሰፊው የታወቀው ለመኪና ታስቦ አይደለም። በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በኮረኮንች ላይ እንዳያንገላታው ብሎ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1888ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ቁም ነገሩ ያኔም ዛሬም አንድ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው ነፋስ ነው።

ይህን ካልን በአገራችን ሾፌሮች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ እናንሳ። ወደ አዋሽና ወደ አፋር የሚወርዱ አንዳንድ ሾፌሮች ጎሚስታ ዘንድ ጎራ ብለው «ቆላ ልወርድ ነው፤ ነፋስ ቀንስልኝ» ይላሉ። ሐሳባቸው ጎማው ሲሞቅ ነፋሱ በዝቶ እንዳይፈነዳ ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጎማ ሲንከባለል መሬት የሚነካው ክፍል ይታጠፋል፣ ወዲያውም ይቃናል። ነፋስ ሲያንሰው መታጠፉ ይበዛል፤ መታጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም ላስቲኩንና በውስጡ ያለውን የብረት ሽቦ ያላቅቃል። በሞቃት አገር፣ ጭነት በበዛበትና በፍጥነት በሚነዳበት መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ጎማን የሚያፈነዳው የነፋስ ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሳያቋርጡ በፍጥነት መሄድ ስለሚቻል ይህ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስባል።

ስሌቱን ለሚወዱ ወጣት አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህን እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአዋሽ ከተማ ከፍታ ደግሞ 1000 ሜትር አይሞላም። ወደ ታች ስንወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር፣ የጎማው ነፋስ ሳይጎድል መለኪያው ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ቀንሶ ያሳያል። በአንጻሩ የአየሩ ሙቀት በ20 ዲግሪ ቢጨምር መለኪያው 3 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ከፍ ይላል። አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል ማለት ይቻላል። በመንዳት የሚመጣውን ሙቀትም ፋብሪካው አስቀድሞ አስቦበታል። ስለዚህ መንገድ ላይ የሞቀ ጎማ ነፋስ ማስተንፈስ አያስፈልግም።

ትክክለኛው ልክ የት ይገኛል? በሾፌሩ በር በኩል፣ በሩ ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። ለባዶና ለሙሉ ጭነት ለየብቻው የተጻፈባቸው መኪናዎችም አሉ። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ወሰን እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም። መለካት ያለበትም መኪናው አድሮ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ትንሽ መለኪያ ገዝቶ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪ አይባልም።

ወደ ግዢው እንለፍ። ሱቅ ስንገባ «ሀጂ፣ አዲስ ነው፤ ፀጉሩን ይዩት!» እንባላለን። ላስቲኩ ላይ ያሉት ቀጫጭን ፀጉሮች ጎማው ብዙ እንዳልተነዳ ይናገሩ ይሆናል፤ ዕድሜውን ግን አይናገሩም። ላስቲክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። ዕድሜውን የሚነግረን ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት ጋር በተከታታይ የሚገኘው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች ናቸው። 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ወሬም አያስፈልገውም። ሙሉው ቁጥር ብዙ ጊዜ በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሚጻፍ «ገልብጥልኝ» ለማለት አንፈር። ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ በየጊዜው በባለሙያ ማስመርመር፣ አሥር ዓመት የሞላውን ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም መጣል ይገባል። ያገለገለ ጎማ ቀለም ቀብቶ አዲስ አስመስሎ መሸጥ ደግሞ ነውርን ደብቆ መሸጥ ነውና በሸሪዓችን የተከለከለ መሆኑን ለነጋዴ ወንድሞቻችን ማስታወስ እንወዳለን።

ስፋቱንም ማንበብ ከባድ አይደለም። በከተማችን በብዛት የምናያት ቪትዝ ላይ 165/70 አር 14 81 ኤስ የሚል ጽሑፍ ብናገኝ፣ ስፋቱ 165 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 14 ኢንች ነው። 81 ማለት አንዱ ጎማ 462 ኪሎ ይሸከማል፣ ኤስ ማለት ደግሞ በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው። ሚኒባስ ያላቸው ወንድሞች በተለይ የሸክም ቁጥሩን ይዩ፤ የቤት መኪና ጎማ ሰው በሞላ ሚኒባስ ላይ መግጠም አደጋ መጥራት ነው።

ገንዘብ አንሶን ሁለት ብቻ ብንገዛስ? ብዙ ሰው አዲሶቹን ከፊት ያስገጥማል። እኛ ግን ከኋላ እንላለን። በእርጥብ አስፋልት ላይ የፊት ጎማ ሲንሸራተት ሾፌሩ በመሪው ይሰማዋል፤ ፍጥነት ቀንሶ ሊመልሰውም ይችላል። የኋላው ሲሸሽ ግን መኪናው ይዞራል፤ ያንን የሚመልስ ሾፌር ጥቂት ነው።

ጎማ ሲበላ የመኪናውን ሕመም ይናገራል። ሁለቱ ጠርዞች ቀድመው ካለቁ ነፋስ አንሶታል፤ መሐሉ ካለቀ በዝቶበታል፤ አንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ አላይመንት ይፈልጋል፤ እዚህም እዚያም እየጎደጎደ ከሄደ አሞርዛተሩን ማስፈተሽ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ሲሆኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቷልና ሊሾ እስኪሆን አንጠብቅ። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱንና የኋላውን ማቀያየርም ዕድሜ ይጨምራል።

ምስማር መሬት በሚረግጠው በኩል ቢወጋው ጎሚስታ ጎማውን ከቸርኬው አውልቆ ከውስጥ ይለጥፈዋል። ጎኑ ከተቀደደ ወይም እንደ እብጠት ካበጠ ግን ልጣፊ አያድነውም። ስኮርታውንም አንርሳ፤ ብዙ ቤተሰብ ስኮርታው ነፋስ እንደሌለው የሚያውቀው መንገድ ዳር በጨለማ ቆሞ ነው። ክሪኩ መሥራቱን፣ የቡሎን መፍቻውም መኖሩን እቤት እያለን እንይ። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ ቡሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ከመኪናው የወረደውን ያረጀ ጎማስ? «ለሌላ መኪና ይሆናል» ለሚል ገዢ ከመስጠት ይልቅ መርካቶ ወስዶ በረባሶ ለሚሠሩት መሸጥ ይሻላል፤ እዚያ ተቆራርጦ ጫማ ይሆናል እንጂ ተመልሶ የሰው ቤተሰብ አይጭንም።