በዘጠነኛ ክፍል የሚጀመር የሥዕል ትምህርት፤ ከመምህሩ፣ ከተማሪውና ከትምህርት ቤቱ ምን ይጠበቃል?

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል ክፍል ሲከፈት ተማሪው፣ መምህሩና የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣው ኃላፊ የሚጠብቁት ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። ተማሪው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሰው መልክ አሳምሮ ለመሣል ተስፋ ያደርጋል። መምህሩ ተሰጥዎ ያላቸው ጥቂት ልጆች እንዲገኙለት ይመኛል። የጊዜ ሰሌዳ አውጪው ደግሞ ሥዕልን ከከባድ ትምህርቶች ማሳረፊያ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሦስቱም ግምቶች ትምህርቱ ገና ሳይጀመር ያሰናክሉታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጀማሪ የሥዕል ክፍል በአንድ መንፈቀ ዓመት ምን ሊያስገኝ እንደሚችልና በመካከሉ ምን ዓይነት ችግር እንደሚገጥመው ማስረዳት ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ ከሚገኙ ዕቃዎች፣ መንገዶችና ሕንፃዎች ነው። የሌላ አካባቢ መምህር በእነርሱ ፋንታ የራሱን አካባቢ ሊተካ ይችላል።

፩. ተማሪው ይዞት የሚመጣው

በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው ሥርዓተ ትምህርት መሠረት ወደ ዘጠነኛ ክፍል የሚደርስ ተማሪ በታችኞቹ ክፍሎች የክወናና የዕይታ ጥበባት ትምህርት ያገኛል። ስለዚህ ስለ ቀለምና ስለ መስመር ፈጽሞ ያልሰማ ተማሪ ይመጣል ተብሎ አይገመትም። ይሁን እንጂ ያገኘው ልምምድ እንደ ትምህርት ቤቱና እንደ መምህሩ ይለያያል።

ከልምምዱ ይልቅ የሚያሳስበው ዕድሜው ነው። በኦስትሪያ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ቪክቶር ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ የሕፃናትን የሥዕል ዕድገት በደረጃ ከፋፍሎ አሳይቷል። በእርሱ አከፋፈል ሕፃን ልጅ ስለሚያውቀው ነገር ምልክት አበጅቶ ይሥላል፤ ቤት ሲባል አራት ማዕዘንና ከላዩ ሦስት ማዕዘን፣ ፀሐይ ስትባል ክብና ጨረር ያደርጋል፤ በሥራውም ይደሰታል። ዕድሜው ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ሥራውን ከእውነተኛው ነገር ጋር ማስተያየት ይጀምራል። ዓይኑ ጉድለቱን ያያል፤ እጁ ግን ሊያርመው አይችልም። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ልጅ «እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ ይወስናል፤ ውሳኔውም ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

እንግዲህ የዘጠነኛ ክፍል መምህር ተማሪውን የሚያገኘው ለመወሰን በተቃረበበት ሰዓት ነው። በክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር ከሥዕልም አልፎ ይሄዳል። የአበባን ክፍል በሥነ ሕይወት፣ ጠጣር ቅርፅን በሒሳብ፣ የማሽንን አካል በቴክኒክ ትምህርት ለመንደፍ እጁ የሚፈራ ወጣት በእነዚያም ትምህርቶች የሚያጣው ብዙ ነው።

፪. ሁለት የአሣሣል መንገዶች

የአዲስ አበባ ተማሪ ሥዕል ያላየ አይደለም። የክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን እያየ አድጓል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የመሶብንና የሰፌድን ጌጥ ያውቃል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ወደ ተመልካቹ ሲመለከቱ፣ ክፉዎች ብዙውን ጊዜ ከጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የሰው መጠን የሚወሰነው በርቀቱ ሳይሆን በክብሩ ነው። ሠዓሊውም ሙያውን የተማረው የመምህሩን ሥራ እየገለበጠ ነው። ይህ ሁሉ ሕግ ያለው ሥርዓት ስለሆነ፣ መምህሩ ስለ ርቀትና ስለ ጥላ ሲያስተምር የቀድሞውን ሥዕል «ስሕተት» ብሎ እንዳይጠራው ያስፈልጋል። አንዱ የሚታወቀውንና የሚታመነውን ይሥላል፤ ሌላው ከአንድ ቦታ ሆኖ በዓይን የሚታየውን ይሥላል። ጀማሪው ክፍል የሚያስተምረው ሁለተኛውን ነው።

ሁለቱ መንገዶች እንደማይጣሉ የአገራችን የሥነ ጥበብ ታሪክ ይመሰክራል። አቶ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ሲመለሱ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ይህ ተቋም በስማቸው ይጠራል። በዚያው ትምህርት ቤት ያስተማሩት እስክንድር ቦጎስያን በአውሮፓ ቢማሩም ከጥንታዊው የብራና ክታብ ሥዕል ብዙ ቀድተዋል። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ይዞ ይታያል። በዚያ ሥራ ላይ የአካል ልክ ዕውቀትና የደማቅ ቀለም ሥርዓት አብረው መሄዳቸውን ተማሪው በፎቶግራፍም ቢሆን ሊመለከት ይገባል።

የሕያው ፍጡር ምስል መሣልን የማይወዱ ቤተሰቦች መኖራቸውም መዘንጋት የለበትም። ትምህርቱ በዕቃ፣ በቅጠልና በሕንፃ ስለሚጀምር ለእነዚህ ተማሪዎች መሰናክል አይሆንም፤ የፊት ልምምድ ሲመጣም ሌላ ተመጣጣኝ ሥራ መስጠት ይቻላል።

፫. የአሥራ ስድስት ሳምንት ጉዞ

ሀ. የመነሻ ሥራ (ሳምንት 1)። ተማሪው ያለ ምንም መመሪያ የራሱን እጅ፣ የተቀመጠበትን ዴስክና ከትዝታው አንድ ጀበና እንዲሥል ይደረጋል። መምህሩ ወረቀቱ ላይ ስምና ቀን አስጽፎ ይሰበስባል፤ ነጥብ ግን አይሰጥበትም። ይህ ወረቀት እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ መቀመጥ አለበት። ጥቅሙ ኋላ ይታያል።

ለ. መስመር (ሳምንት 2–4)። ኪሞን ኒኮላይዲስ የተባለው አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1941 በታተመ መጽሐፉ ያስተዋወቀው ልምምድ ለዚህ ይረዳል። ተማሪው ወረቀቱን ሳያይ፣ ዓይኑን በዕቃው ጠርዝ ላይ ቀስ እያደረገ ሲያስኬድ እርሳሱም አብሮ ይሄዳል። የሚወጣው ሥዕል የተጣመመ ስለሚሆን ክፍሉ ይስቃል። መምህሩ ይህን አስቀድሞ ከተናገረ ሳቁ አይጎዳም። ሌላው መልመጃ ቤቲ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1979 ያስፋፋችው ነው፤ አንድ የመስመር ሥዕል ተዘቅዝቆ ይሰጥና እንደ ተዘቀዘቀ ይገለበጣል። ተማሪው «ይህ አፍንጫ ነው» ማለት ስለማይችል መስመሩን እንዳለ ለማየት ይገደዳል።

ሐ. ልክ (ሳምንት 5–7)። ጀበናና ስኒ በየቤቱ ስላሉ ለዚህ ትምህርት የተመቹ ናቸው። ተማሪው ክንዱን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የጀበናውን አንገት በእርሳስ ይለካና በሆዱ ስፋት ላይ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቆጥራል። በዚህ ጊዜ የሚጠበቅ አንድ ስሕተት አለ፤ የስኒው አፍ ሙሉ ክብ፣ መቀመጫው ግን ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይሣላል። ተማሪው አፉ ክብ መሆኑን፣ መቀመጫውም ጠረጴዛ ላይ መደላደሉን ያውቃልና ያወቀውን ይሥላል። ስኒው ወደ ዓይን ከፍታ ሲነሣ አፉ እየጠበበ፣ ሲወርድም እየሰፋ እንደሚሄድ በእጅ እያነሡ ማሳየት ይገባል። ፊት ሲሣልም ዓይን ወደ ግንባር ይወጣል። በመስተዋት ቢለካ ግን ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት እኩሌታ ላይ ነው።

መምህሩ ከሁሉ ይልቅ መዘጋጀት ያለበት ለእነዚህ ሳምንታት ነው። ዓይን ከእጅ ቀድሞ ይሠለጥናል። ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት ያላየውን ጉድለት አሁን ያያል፤ ስለዚህ ሥራው የተበላሸበት ይመስለዋል። በወረቀቱ ላይ ሲታይ ግን ሥራው ተሻሽሏል። ላጲስ የሚበዛው፣ ወረቀት የሚቀደደውና ከክፍል የሚቀረው ልጅ የሚታየው በዚህ ወቅት ነው። ይህን የማያውቅ መምህር ክፍሉ ሰነፈ ብሎ ይቆጣል፤ የሚያውቀው መምህር ግን የመነሻውን ወረቀት አውጥቶ ከአሁኑ ጎን ያስቀምጥለታል። አንድ ተማሪ ሥዕልን ለዘለዓለም መተዉ ወይም መቀጠሉ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

መ. ብርሃንና ጥላ (ሳምንት 8–10)። ከአንድ መስኮት በሚገባ ብርሃን እንቁላል ወይም ነጭ ስኒ ይቀመጣል። ጀበና ጥቁር ስለሆነ የጥላው ደረጃ ለጀማሪ ዓይን አይለይም፤ ለኋላ ይቆይ። ተማሪው በቅድሚያ ከነጭ እስከ ጥቁር አምስት ደረጃ ያለው ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ከዚያም በዕቃው ላይ የትኛው ደረጃ የት እንደሚገኝ ይፈልጋል። ዕቃው በጠረጴዛው ላይ የሚጥለው ጥላ ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ ሥዕሉ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

ሠ. ርቀት (ሳምንት 11–13)። ለዚህ ትምህርት ልደታ የተሟላ መርጃ መሣሪያ አላት። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር ከልደታ ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው በምሰሶ ላይ ነው። ምሰሶዎቹ እኩል መሆናቸውን የሚያውቀው ተማሪ ሁሉንም እኩል አድርጎ ይሥላል። እርሳሱን ዘርግቶ ሲለካ ግን ሩቅ ያለው ምሰሶ ከቅርቡ እጅግ ያንሳል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም እየጠበበ ይሄዳል። የድልድዩ ጠርዝ ወደ ታች፣ የመንገዱ ጠርዝ ወደ ላይ እያዘነበሉ በተመልካቹ ዓይን ከፍታ ባለ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ የመስኮት ረድፍም ይኸንኑ ሕግ ይከተላል። ከአሮጌው ሰፈር የቀሩት የቆርቆሮ ክዳኖች ግን ወዲያና ወዲህ ስለሚያዘነብሉ ሕጉን በቃሉ የሸመደደውንና በዓይኑ የሚለካውን ተማሪ ይለያሉ። ከግቢ ውጭ ሲወጣ በባቡር መስመርና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አካባቢ ጥያቄ እንዳይነሣ መምህሩ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ መያዝ ይኖርበታል።

ረ. ቀለምና ማጠቃለያ ሥራ (ሳምንት 14–16)። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ብቻ ይሰጣሉ። ተማሪው ሌሎቹን ቀለሞች ራሱ ቀላቅሎ ያገኛል። ሦስቱንም አብዝቶ ሲቀላቅል ጭቃ የመሰለ ቀለም እንደሚያወጣ የታወቀ ነው፤ ይህንንም አይቶ መማር አለበት። በመጨረሻው ሳምንት የመነሻ ወረቀቱ ሦስት ነገሮች እንደገና ይሣላሉ። ጀበናው ግን በዚህ ጊዜ ከፊቱ ይቀመጥለታል።

፬. ክፍሉ፣ ጊዜውና መሣሪያው

ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለሥዕል ጠባብ ነው፤ ወረቀት ታድሎ ዕቃ ተደርድሮ ሥራው ሲሞቅ ደወሉ ይደወላል። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ የተፈቀደለት ትምህርት ቤት ሁለቱን አያይዞ ቢመድብ የተሻለ ውጤት ያገኛል። ክፍለ ጊዜው የሥራ ድርሻው ለጎደለ ለማንኛውም መምህር ማሟያ እንዳይሆን፣ በፈተና ሰሞንም ለሌላ ትምህርት እንዳይወሰድ ማድረግ የርእሰ መምህሩ ኃላፊነት ነው።

ክፍሉ ሃምሳ ወይም ስድሳ ተማሪ ቢኖረው በጥቁር ሰሌዳው አጠገብ የተቀመጠ አንድ ጀበና ለኋለኛው ረድፍ አይታይም። ስለዚህ ዕቃዎች በአራት ወይም በአምስት ቦታ ተደርድረው ተማሪዎች ዙሪያውን ይቀመጣሉ።

የመሣሪያ እጦት እንደሚታሰበው ከባድ አይደለም። እርሳስ፣ በአንድ ገጹ የተጻፈበት ወረቀትና የካርቶን መደገፊያ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ሳምንታት ይበቃሉ። የማገዶ ከሰል ወረቀት ስለሚቧጭር አይመችም፤ ነገር ግን መምህሩ የመሣያ ከሰል ራሱ ሊያዘጋጅ ይችላል። የደረቁና የተላጡ ቀጫጭን እንጨቶች በቆርቆሮ ጣሳ ታጭቀው ይከደናሉ፤ ክዳኑ በምስማር ይበሳል፤ ጣሳው ከደጅ እሳት ላይ ተጥዶ ከቀዳዳው የሚወጣው ጭስ እስኪያቆም ይቆያል፤ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ግን አይከፈትም።

፭. ምዘና

ሥዕሉ ዕቃውን በመምሰሉ ብቻ ነጥብ ከተሰጠ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አሸናፊውና ተሸናፊው የታወቀ ይሆናል። ከዚህ ይልቅ ከመቶው 40 ለተከታታይ ልምምድ፣ 30 ከመነሻው ሥራ እስከ መጨረሻው ለታየው መሻሻል፣ 20 ለማጠቃለያው ሥራ፣ 10 ደግሞ ስለ ራሱና ስለ ጓደኛው ሥራ በሥርዓት ለመናገር ቢከፋፈል ሚዛኑ ይስተካከላል። መምህሩ በተማሪው ወረቀት ላይ እርማት እንዳይሥልበት ይመከራል፤ በሌላ ቁራጭ ወረቀት ቢያሳየው ሥራው የተማሪው ሆኖ ይቀራል።

ማጠቃለያ

ከጀማሪ ክፍል ሠዓሊ አይጠበቅም፤ ሁሉም ተማሪ በእኩል ፍጥነት ይሄዳል ተብሎም አይጠበቅም። የሚጠበቀው፣ ተማሪው የስኒን አፍ አይቶ ምን ያህል እንደ ጠበበ መናገር፣ የምሰሶን ርዝመት በእርሳስ መለካት፣ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ መለየትና የራሱን ሥራ ሳያፍር መመርመር መቻሉ ነው። ለዚህም መምህሩ የሁለተኛውን ወር ተስፋ መቁረጥ እንደ ዕድገት ምልክት ማወቅ፣ ዕቅድ አውጪው የተያያዘ ክፍለ ጊዜ መፍቀድ፣ ትምህርት ቤቱም የመነሻ ወረቀቶችን የሚያስቀምጥበት አንድ ሣጥን ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ «እኔ ሥዕል አልችልም» የሚለው ውሳኔ ለብዙ ልጆች ሳይጸና ይቀራል።