ግብሩ ሲቀነስ ሂሳቡ ወዴት ይሄዳል?

ስለ ግብር ቅነሳ የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ በግምት ላይ የቆመ ነው። አንዱ ወገን «ግብር ከተቀነሰ ነጋዴው ይነቃቃል፣ ሥራ ይከፈታል፣ መንግሥትም ውሎ አድሮ የበለጠ ይሰበስባል» ይላል። ሌላው «ተጠቃሚው ሀብታሙ ብቻ ነው» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩን አቁሞ ነገሩን በተግባር የሚፈትሽ መንግሥት በቀላሉ አይገኝም። በአሜሪካ መሀል አገር ያለችው ስንዴ አብቃይዋ የካንሳስ ግዛት ግን በ2012 ይህንኑ አደረገች። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ሙከራ» የሚለውን ስም ያወጡለትም ተቃዋሚዎች አልነበሩም፤ የግዛቲቱ አገረ ገዥ ሳም ብራውንባክ ራሳቸው ናቸው።

ብራውንባክ በግንቦት 2012 የፈረሙት ሕግ ከፍተኛውን የገቢ ግብር መጣኔ ከ6.45 በመቶ ወደ 4.9 በመቶ አወረደው። ዝቅተኛው ደግሞ ከ3.5 ወደ 3 በመቶ ወረደ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የተለመደ ነው። ያልተለመደው ሌላ አንቀጽ ነበር። በአሜሪካ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርም ሆነ በግለሰብ ስም የተያዘ ንግድ ትርፉ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ይተላለፋል፤ ግብሩም የሚሰላው በባለቤቱ የግል ገቢ ላይ ነው። ካንሳስ ይህን ትርፍ ከግዛቲቱ የገቢ ግብር ሙሉ በሙሉ ነፃ አደረገችው።

ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ሆነ። በደመወዝ የተቀጠረ የቧንቧ ሠራተኛ ግብር ይከፍላል፤ ያንኑ ቧንቧ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ የሚጠግነው ጎረቤቱ ምንም አይከፍልም። ሕጉ ሲረቀቅ የነፃነቱ ተጠቃሚ ይሆናሉ ተብለው የታሰቡት ወደ 191 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ከ330 ሺህ አለፉ። ከእነዚህ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ የቀጠረው ስንቱ፣ ስሙን ከተቀጣሪነት ወደ ድርጅት ባለቤትነት ያዛወረው ብቻ ስንቱ እንደሆነ ሕጉ አልጠየቀም። የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ ታዋቂ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ሳይቀሩ ከሚያገኙት ዳጎስ ያለ ክፍያ ትልቁን ድርሻ በራሳቸው ድርጅት በኩል ይቀበሉ እንደነበር ጋዜጠኞች ደርሰውበት መነጋገሪያ ሆኗል። አሠልጣኙ ሕግ አልጣሱም፤ ሕጉ ራሱ በሩን ከፍቶ ነበር።

ሐሳቡ የካንሳስ ፈጠራ አይደለም። በ1974 የምጣኔ ሀብት ባለሙያው አርተር ላፈር በዋሽንግተን አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ከዋይት ሀውስ ባለሥልጣናቱ ከዶናልድ ረምስፌልድና ከዲክ ቼኒ፣ እንዲሁም ከጋዜጠኛው ጁድ ዋኒስኪ ጋር ተቀምጠው በናፕኪን ላይ አንድ ጎባጣ መስመር እንደሣሉ ይነገራል። ላፈር ራሳቸው የናፕኪኑን ነገር እንደማያስታውሱት ጽፈዋል፤ ናፕኪኑ ግን ዛሬ በሙዚየም ተቀምጧል። የመስመሩ ትርጉም ቀላል ነው፤ መንግሥት ምንም ካላስከፈለ ምንም አያገኝም፣ መቶ በመቶ ቢያስከፍልም የሚሠራ ሰው ስለማይኖር ምንም አያገኝም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ግብር መቀነስ ገቢን ሊጨምር ይችላል። ላፈር ሐሳቡን ቀድሞ የተናገረው የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ኢብን ኻልዱን መሆኑንም አልደበቁም።

በሐሳቡ ብዙም የሚከራከር የለም። ክርክሩ አንድ አገር በመስመሩ ላይ የት ነው ያለው የሚለው ነው። ሮናልድ ሬጋን በ1981 ሥልጣን ሲይዙ ከፍተኛው የፌዴራል የገቢ ግብር 70 በመቶ ነበር፤ መጀመሪያ ወደ 50፣ በኋላም ወደ 28 በመቶ ወረደ። በዚያ ከፍታ ላይ እንኳ ቅነሳው ራሱን አልከፈለም፤ ሬጋን በማግሥቱ ዓመት የተወሰነውን መልሰው ለመጨመር ተገደዋል፣ የፌዴራል መንግሥቱ ዕዳም በሥልጣን ዘመናቸው ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ አድጓል። 70 በመቶ ላይ ያልሠራ ስሌት 6.45 በመቶ ላይ ይሠራል ብሎ ማሰብ ድፍረት ይጠይቃል። ካንሳስ ግን ድፍረቱ ነበራት፤ ላፈርንም በ75 ሺህ ዶላር አማካሪ አድርጋ ቀጠረች።

የ2014 የበጀት ዓመት ሲዘጋ የግዛቲቱ ገቢ ከቀዳሚው ዓመት በ700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አሽቆልቁሎ ተገኘ። ከአሥር በመቶ በላይ ማለት ነው። ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መባል አለበት፦ በ2012 መጨረሻ ብዙ ሰዎች የፌዴራል ግብር ሳይጨምር በፊት አክሲዮናቸውን ስለሸጡ የቀዳሚው ዓመት ገቢ ከወትሮው አብጦ ነበር። ይህ የውድቀቱን ከፊል ያስረዳል፤ ሙሉውን ግን አይደለም። በዚያው በ2014 ደረጃ አውጪዎቹ ድርጅቶች ሙዲስም ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስም የካንሳስን የብድር ብቃት ደረጃ ዝቅ አደረጉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ልዩነት አለ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገቢው ሲጎድል ቦንድ ሸጦ ይበደራል፤ የሂሳቡ ቀን ለዓመታት ይራዘማል። ካንሳስ ግን በሕግ በጀቷን ማመጣጠን ግዴታዋ ነው። በዋሽንግተን አሥርና ሃያ ዓመት የሚፈጀው ነገር በካንሳስ በሁለትና በሦስት ዓመት በግልጽ የታየው ለዚህ ነው። ለመንገድ ግንባታ ከተቀመጠው ገንዘብ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወደ መደበኛው በጀት ተዛወረ። ለመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ መግባት የነበረበት ክፍያ ዘገየ። በ2015 ጸደይ አንዳንድ የትምህርት ወረዳዎች በገንዘብ እጥረት የተነሣ ትምህርት ቤቶቻቸውን ከተያዘው ቀን ቀድመው ዘጉ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ለትምህርት የሚመደበው ገንዘብ ሕገ መንግሥቱ ከሚጠይቀው በታች ነው ሲል ወሰነ።

ጉድለቱን ለመሙላት የተመረጠው ሌላው መንገድ ነው የኑሮ ልዩነትን ጉዳይ ግልጽ የሚያደርገው። በ2015 የሽያጭ ታክሱ ከ6.15 ወደ 6.5 በመቶ ከፍ አለ፤ የሲጋራ ታክስም ጨመረ። በካንሳስ የሽያጭ ታክስ ምግብንም አይምርም ነበር። ከዚያ ቀደም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በምግብ ላይ ለከፈሉት ታክስ ተመላሽ ያገኙ ነበር፤ የ2012ቱ ሕግ ይህን አስቀረው፤ በኋላ ሲመለስም የገቢ ግብር ዕዳ ለሌለበት ደሃ በማይጠቅም መልኩ ሆነ። የሽያጭ ታክስ ለሁሉም እኩል ይመስላል። ነገር ግን የወር ገቢዋን በሙሉ ለዳቦ፣ ለወተትና ለልጆች ጫማ የምታወጣ እናት ገቢዋን ሁሉ ታክስ ያገኘዋል፤ ከገቢው ግማሹን የሚያስቀምጥ ጠበቃ ግን ታክሱ የሚያገኘው በግማሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ገቢ ግብር ወርዶ የሽያጭ ታክስ ሲወጣ ግብሩ ቀነሰ ከማለት ይልቅ ትከሻ ለወጠ ማለቱ ይቀርባል።

ቃል የተገባው ሥራስ? የካንሳስ የሥራ ዕድገት በእነዚያ ዓመታት ከአገሪቱ አማካይ ወደኋላ ቀረ። የሕጉ ደጋፊዎች የእህልና የነዳጅ ዋጋ መውደቁን፣ የዊቺታ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች መቀዛቀዛቸውን ያነሣሉ፤ የመንግሥት ወጪም በበቂ አልተቀነሰም ይላሉ። የመጀመሪያው እውነትነት አለው። ሁለተኛው ግን ቃሉን ያጥፋል፤ መጀመሪያ የተነገረው ቅነሳው ራሱን ይከፍላል እንጂ ትምህርት ቤት ይዘጋል ተብሎ አልነበረም።

መንግሥት ገንዘብ ሲያወጣስ? ለዚህ ቅርቡ ማስረጃ የ2021ዱ የልጆች ድጎማ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ለአንድ ዓመት ያህል ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ 3,600፣ ከፍ ላለው 3,000 ዶላር መደበ፤ ግማሹም ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ በየወሩ ወደ ወላጆች ሂሳብ ገባ። ዋናው ለውጥ ግብር እስከማይከፍል ድረስ ገቢው ያነሰ ቤተሰብም ሙሉውን ማግኘቱ ነበር። ድጎማውን በሚቆጥረው መለኪያ የልጆች ድህነት ከ9.7 በመቶ ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ድጎማው አልታደሰም፤ በ2022 አኃዙ 12.4 በመቶ ሆነ። የኢኮኖሚ ሊቃውንት የሚሉት እዚህ ላይ ይታያል፦ ያለው ሰው ተጨማሪ መቶ ዶላር ሲያገኝ ያስቀምጠዋል፤ የሌለው በሳምንቱ ገበያ ያደርሰዋል።

ይህም ያለ ዋጋ አልመጣም። በሰኔ 2022 የአሜሪካ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደረሰ። ምን ያህሉ የመንግሥት ወጪ፣ ምን ያህሉ የወረርሽኙና የዩክሬን ጦርነት ያመጣው እንደሆነ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ፤ ወጪው ድርሻ የለውም የሚሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። በዚያው ዓመት መስከረም ብሪታንያ በተቃራኒው መንገድ ሄዳ ተሰናከለች። የሊዝ ትረስ መንግሥት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳይናገር ወደ 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ የግብር ቅነሳ አስታወቀ። ቦንድ ገዥዎች ደነገጡ፣ ፓውንድ ወደቀ፣ የቤት ብድር ወለድ ናረ፤ ለባለ ከፍተኛ ገቢዎች የታሰበው ቅነሳ ቤት ለመግዛት በተዘጋጀ ወጣት ላይ አረፈ። ትረስም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ከሥልጣን ወረዱ።

ካንሳስ ሙከራዋን የዘጋችው በሰኔ 2017 ነው። የዘጉትም የብራውንባክ የራሳቸው ፓርቲ አባላት ናቸው። ሪፐብሊካኖች ሰፊ የበላይነት በያዙበት ምክር ቤት 88 ለ31፣ በሴኔቱም 27 ለ13 በሆነ ድምፅ የአገረ ገዥውን ቬቶ ሽረው በሁለት ዓመት 1.2 ቢሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ግብር መለሱ። የድርጅት ባለቤቶች ነፃነትም ቀረ። በምግብ ላይ የነበረው የግዛቲቱ ታክስ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ወርዶ በጥር 2025 ዜሮ ሆኗል።

ከ1981ዱ የሬጋን ሕግ ብዙ ያልተወራለት አንድ አንቀጽ ለኢትዮጵያ ደመወዝተኛ ቅርብ ነው፤ የገቢ እርከኖቹ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ እንዲሉ ያዘዘው። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት አገር ምክር ቤት ምንም ሳይወስን ግብር ይጨምራል፤ ደመወዝ የኑሮ ውድነቱን ተከትሎ በስም ብቻ ከፍ ሲል ሠራተኛው ወደ ላይኛው እርከን ይገፋል። በ2016 የወጣው የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ 600 ብር የወር ደመወዝን ከግብር ነፃ አድርጎ ከ10,900 ብር በላይ ያለውን 35 በመቶ ያስከፍል ነበር። እርከኖቹ እስከ 2025 አልተነኩም። ሲሻሻሉ ነፃው ወለል ወደ 2,000 ብር፣ ማለትም ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍ አለ፤ የ35 በመቶው መነሻ ግን ወደ 14,000 ብር ብቻ፣ ከሠላሳ በመቶ ባነሰ ጭማሪ። በ2016 የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ይደርስበት የነበረው እርከን ዛሬ መካከለኛ ባለሙያንም ያገኘዋል።