አንድ ሥራ ብቻ የምትሠራ ፕሮግራም

ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ቀን ሊያሰፍር ሲል ቀና ብሎ የግድግዳውን ካላንደር ያያል፤ ካላንደር ከሌለ አጠገቡ ያለውን ሰው ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ ከታች በስተቀኝ የሚያሳየው የፈረንጆቹን ቀን ነዋ! ከሰዓቱ አጠገብ ቁጭ ብላ የኢትዮጵያን ቀን የምታሳይ፣ ሌላ ምንም የማትሠራ ፕሮግራም ብትኖር ይህ ሁሉ ይቀራል። እንዲህ ያለችውን ለመሥራት ኩባንያ ማቋቋም አያስፈልግም። ኮድ መጻፍ የጀመረና ትዕግሥት ያለው ሰው በትርፍ ሰዓቱ ሊሠራት ይችላል። በእኔ እምነት ከባዱ ሥራ የሚመጣው ተሠርታ ካለቀች በኋላ ለሌላ ሰው ስትሰጥ ነው።

ዛሬ ዓለም የሚገለገልባቸው ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች በአንድ ሰው እጅ የተጀመሩ ናቸው። ፎቶ ማሳያውን ኢርፋንቪውን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ከቦስኒያ ሄዶ ቪየና የተማረው ኢርፋን ሽኪልያን ነው። ፋይል የሚያጨምቀውን ሰቨን ዚፕን በ1999 ያወጣው ደግሞ ሩሲያዊው ኢጎር ፓቭሎቭ ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የኪይማን ታሪክ ነው። አውስትራሊያዊው ማርክ ደርዲን በ1993 ኪይማንን የጻፈው የላኦስን ፊደል ዊንዶውስ ላይ ለመተየብ ነበር። አሁን ኤስ አይ ኤል በሚባለው ድርጅት ሥር ሆኖ በነጻ ይታደላል፤ አማርኛና ትግርኛ የሚጽፉ ሰዎችም ይጠቀሙበታል።

ወደ ቀን ማሳያዋ እንመለስ። ሥራዋ ቀላል ይመስላል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ «ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሼ ቀኖቹን አስተካክላለሁ» ብሎ ይነሳል። በዚህ መንገድ የተሠራች ፕሮግራም ሦስት ዓመት ልክ ሆና ትቆይና በአራተኛው ለወራት ትሳሳታለች። ምክንያቷ ጳጉሜ ናት። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ጳጉሜ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ 2015 እንዲህ ነበር። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው እንደ ወትሮው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ነው። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ 29 ይዘልቃል። በዚያ ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ቀን የተከበረውም ለዚህ ነው፤ በፈረንጆቹ ግን ያው ጃንዋሪ 7 ነበር።

አስተማማኙ መንገድ ሁለቱንም አቆጣጠር በአንድ ተከታታይ ቁጥር ማገናኘት ነው። የሥነ ፈለክ ሰዎች የሚጠቀሙበት፣ የጁልያን ቀን ቁጥር የሚባል ቆጠራ አለ፤ ወርና ዓመት የለውም፣ እያንዳንዱ ቀን የራሱን ቁጥር ይይዛል። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ቁጥሩ 2454356 ነው፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007ም ቁጥሩ ይኸው ነው። ፕሮግራሟ የፈረንጁን ቀን ወደዚህ ቁጥር ትለውጣለች። አራት የኢትዮጵያ ዓመታት ሁልጊዜ 1461 ቀን ስለሆኑ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማካፈልና ቀሪውን መያዝ ነው። ኮዱን ጽፎ የጨረሰ ሰው ዛሬን ብቻ አይቶ አይርካ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን፣ መስከረም 1 ቀን 2016ንና ያንን የገና ቀን ይሞክርባት፤ እነዚህን ካለፈች ትታመናለች።

ሒሳብ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ኮምፒውተሩ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ የቀኑን ሰዓት መቁጠር የምንጀምረው ሲነጋ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፕሮግራሟ የትኛውን ቀን ታሳይ? እኔ የኮምፒውተሩን እመርጣለሁ፤ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ፋይሉ ከተቀመጠበት ቀን ጋር መጣረስ የለበትም። ሌላ ሰው ሌላ ሊመርጥ ይችላል፤ የመረጠውን ግን መግለጫው ላይ ይጻፈው።

በምን ትጻፍ ለሚለው፣ ፓይተን ለመማር ይቀላል። ሆኖም ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ደግሞ ዛሬም አሉ። ዊንዶውስ 10 ውስጥ ዶት ኔት ፍሬምወርክ አብሮ ይመጣል፤ የቆየ የሲ ሻርፕ ኮምፓይለርም በፍሬምወርኩ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የምትወጣው ፕሮግራም ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ትሆናለች፤ ፓይተን ከነማስኬጃው ሲጠቀለል ግን ሜጋባይቶች ይወስዳል። ዳታ ገዝቶ ለሚያወርድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ማካፈሉ። ያልታወቀ ፕሮግራም ከፍቶ ማስኬድ ለማያውቁት ሰው የቤት ቁልፍ እንደ መስጠት ነው። ዊንዶውስም ይህን ስለሚያውቅ፣ ስማርትስክሪን የሚባለው ጠባቂ ዲጂታል ፊርማ የሌለውንና ገና ብዙ ሰው ያላወረደውን ፕሮግራም ሲያይ መስኮት አውጥቶ ያስጠነቅቃል። ለፊርማው የሚያስፈልገው ሰርተፍኬት የሚታደስና የሚከፈልበት ስለሆነ በትርፍ ሰዓቱ ለሚሠራ ሰው ይከብዳል። በዚያ ላይ ከፓይተን የተጠቀለሉ ፕሮግራሞችን አንዳንድ አንቲቫይረስ ያለ ጥፋታቸው ይከሳቸዋል፤ ቫይረስ የሚጽፉ ሰዎችም በዚያው መጠቅለያ ስለሚጠቀሙ። በዚህ ጊዜ «አንቲቫይረሱን አጥፉትና ክፈቱት» ብሎ መጻፍ ክፉ ምክር ነው። የፕሮግራም ቁልፍ የሚሰብር ክራክ የሚያድሉ ሰዎች የሚሉትም ይህንኑ ነው። ትክክለኛው መንገድ ፋይሉን ለአንቲቫይረሱ ሠሪዎች ልኮ እንዲመረምሩት መጠየቅና ሶርስ ኮዱን እንደ ጊትሃብ ባለ ቦታ ለሁሉም ማሳየት ነው። ቀን የምታሳይ ፕሮግራም የአድሚን ፈቃድም ኢንተርኔትም አያስፈልጋትም፤ ሳያስፈልጋት የምትጠይቅ ከሆነ ተጠቃሚው ቢጠረጥራት ልክ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ፕሮግራም በፍላሽና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። አምስተኛው ሰው ዘንድ ሲደርስ መንገድ ላይ ቫይረስ ተለጥፎበት ሊሆን ይችላል። ለዚህ መላ አለው። ሻ 256 የሚባለው ስሌት ከማንኛውም ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው አሻራ ያወጣል፤ ፋይሉ ውስጥ ቅንጣት ነገር ቢለወጥ አሻራው ይለወጣል። ሠሪው አሻራውን ዋናው ማውረጃ ቦታ ላይ ይጽፋል፤ ፋይሉ የደረሰው ሰው ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ፓወርሼል አስልቶ ያመሳክራል። ከተለያዩ ፋይሉን አይክፈተው።

ፈቃድም አይዘንጋ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ጥበቃ አለው፤ ሠሪው «ቅዱት፣ አሻሽሉት» ብሎ ካልጻፈ ሌላው ሰው በሕግ አይፈቀድለትም። አጭሩና ቀላሉ የኤም አይ ቲ ላይሰንስ የሚባለው ነው። ማንኛውም ሰው እንዲጠቀም፣ እንዲያሻሽልና እንዲያድል ይፈቅዳል፤ የሠሪው ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ አብረው እንዲቆዩ ብቻ ይጠይቃል። መግለጫው በአማርኛ ይሁን፤ ምን እንደምትሠራ፣ ምን እንደማትሠራ፣ የስንተኛው እትም እንደሆነች በግማሽ ገጽ ያልቃል።

ሠሪ የሚጠብቅ ሥራ ሞልቷል። ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ዩኒኮድ፣ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የተተየቡ ፋይሎች በየመሥሪያ ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ ተከማችተዋል። በእነዚህ ፎንቶች «ሀ» የሚቀመጠው በላቲን ምልክት ቁጥር ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ጽሑፉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፣ በአማርኛ ሲፈለግም አይገኝም። አንዳንድ መለወጫዎች ተሠርተዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፎንት የራሱ ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል። ኮድ የምትጽፉ ወጣቶች፣ እጃችሁ ላይ ያለውን አንድ ፎንት ምረጡና ሰንጠረዡን ሥሩለት። የተለወጠውን በአዲስ ፋይል አስቀምጡ፣ ዋናውን አትንኩ፤ ከዚያ ከነሶርስ ኮዱ ለሁሉም አውጡት።