ስለ አውቶሞቢል ፊውዝ፤ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚለወጥ

ከጐንደር ከተማ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል የሚሄድ መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር ያኽል ከተጓዘ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያም አልፎ የሊማሊሞን አፋፍ ያያል። ይህ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉ እየተፈለፈለ የተሠራ ሲሆን፥ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። በዚህ ቍልቍለት ላይ ሌሊት የሚጓዝ አውቶሞቢል መብራቱ በድንገት ቢጠፋ፥ በአንድ ወገን ቋጥኝ በሌላው ወገን ገደል ስላለ፥ የተሳፋሪዎቹ ነፍስ በሾፌሩ ዕውቀትና ብልኀት ትጠበቃለች። መብራቱን ያጠፋው ግን ጥፍር የምታኽል አንዲት ፊውዝ መቃጠሏ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጕዳይ የሾፌርና የመካኒክ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ሹማምንት ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ለወረዳ የተሰጠው አውቶሞቢል ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፥ የከብት መድኀኒትና በሽተኛ የሚያጓጕዝ ነው። አብዛኛው የእንስሳት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተጠበቀ ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ ክትባት የጫነ አውቶሞቢል በመንገድ ላይ አንድ ቀን ቢቆም፥ በረዶው ይቀልጣል፤ በጎቹንና ፍየሎቹን ሰብስቦ የሚጠብቀው ባላገርም ሲመሽ ተስፋ ቈርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዚህ ሁሉ ጕዳት መነሻ አንዲት ፊውዝ ብትሆን፥ ተጠያቂው ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ያላዘጋጀው ሹም ጭምር ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት አውቶሞቢሎች የኤሌክትሪክ ሥራቸው እጅግ ጥቂት ነበረ። ዛሬ ግን በደጋውና በቈላው የሚመላለሱት፥ አራቱንም ጐማ የሚያሽከረክሩት እንደ ላንድ ክሩዘር ያሉት መኪናዎች፥ መብራታቸው፥ ክላክሳቸው፥ የዝናብ መጥረጊያቸው፥ በብዙዎቹም ነዳጁን የሚያስተላልፈው መሣሪያ ሳይቀር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። እያንዳንዱም ሥራ የራሱ ዘበኛ አለው፤ ዘበኛውም ፊውዝ ነው።

ፊውዝ ማለት በትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ የተቀመጠ፥ ሁለት እግር ያለው ቀጭን ብረት ነው። ኰረንቲው በልክ ሲያልፍ ምንም አይሆንም፤ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ሞቆ ይቀልጥና መንገዱን ይቈርጣል። እርሱ ራሱን አጥፍቶ ሽቦውንና መኪናውን ያድናል። የሚችለው መጠን በአምፔር ተቈጥሮ በራሱ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ የባትሪው ኀይል 12 ቮልት፥ የአንዱ የፊት መብራት ኀይል 60 ዋት ቢሆን፥ 60 ለ12 ሲካፈል 5 አምፔር ይሆናል፤ ስለዚህ ለዚያ መብራት ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል።

ቍጥሩን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በቀለሙ ይለየው ዘንድ፥ በዛሬዎቹ መኪናዎች የሚገባው ባለ ሁለት እግር ፊውዝ የታወቀ ቀለም አለው። ባለ 5 ነጣ ያለ ቡናማ፥ ባለ 7.5 ደማቅ ቡናማ፥ ባለ 10 ቀይ፥ ባለ 15 ሰማያዊ፥ ባለ 20 ቢጫ፥ ባለ 25 ነጭ ወይም እንደ መስተዋት የጠራ፥ ባለ 30 አረንጓዴ ነው።

የፊውዝ ሣጥን ብዙውን ጊዜ በሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው በመኪናው ውስጥ፥ ከመሪው በታች ወይም በእግር ማስቀመጫው ጐን ነው። ሁለተኛው በሞተሩ ክዳን ሥር፥ ከባትሪው አጠገብ ነው። በሣጥኑ ክዳን ላይ ወይም ከመኪናው ጋራ በመጣው መጽሐፍ ውስጥ የትኛው ፊውዝ ለየትኛው ሥራ እንደ ሆነ የሚያመለክት ሥዕል ይገኛል። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ስለሚሆን፥ በአማርኛ ተጽፎ በመኪናው ውስጥ ቢለጠፍ እጅግ ይጠቅማል።

አንድ ነገር መሥራቱን ሲያቆም ሾፌሩ አስቀድሞ መኪናውን ከመንገዱ ዳር ያቁም፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳብ፤ በዳገትና በቍልቍለት ላይ ከሆነም በጐማው ሥር ድንጋይ ያድርግ። ሌሊት ከሆነ ፍሬቻው ብዙ ጊዜ በሌላ ፊውዝ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ እርሱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ለሌሎች መንገደኞች ያስታውቅ። መብራት ሳይኖረው ቀስ ብሎ ለመውረድ መሞከር ግን በነፍስ መቀለድ ነው።

ቀጥሎ የጠፋው ምን እንደ ሆነ ይመርምር። በአንድ ወገን ያለው መብራት ብቻ ቢጠፋ፥ አምፖሉ ወይም የዚያ ወገን ፊውዝ ሊሆን ይችላል። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ቢጠፋ የጋራ ፊውዛቸውን ይጠርጥር። ሁሉም ነገር ጭጭ ቢል ግን አስቀድሞ የባትሪውን ማሰሪያ ላልቶ ወይም ዝጎ እንደ ሆነ ይመልከት። ከዚህ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ቍልፉን ነቅሎ፥ የተጠረጠረውን ፊውዝ በሣጥኑ ውስጥ ባለችው የፕላስቲክ መንቀያ ቀጥ አድርጎ ይሳብ። ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያየው ውስጡ ያለው ክር ቢበጠስ ወይም ቢጠቍር ተቃጥሏል ማለት ነው። በቦታውም ያው ቍጥርና ያው ቀለም ያለውን ያግባ።

መጠባበቂያ ባይኖር ሬዲዮን ወይም ሲጋራ መለኰሻን ከመሰለው ለጕዞ ከማያስፈልገው ሥራ፥ ቍጥሩ ትክክል የሆነውን ፊውዝ ለጊዜው መዋስ ይቻላል። ከዚህ የበለጠ ቍጥር ያለውን ግን ከቶ ማግባት አይገባም።

በብዙ ስፍራ የሚታየው ክፉ ልማድ በተቃጠለው ፊውዝ ፈንታ የመዳብ ሽቦ ወይም ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት ነው። መብራቱ ወዲያው ስለሚበራ ሾፌሩ ብልኀተኛ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደ ተወ ሰው ነው። ኰረንቲው ከልክ ሲያልፍ የሚቀልጠው ፊውዝ ስለሌለ፥ በመኪናው አካል ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ራሱ ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ ከዚያም እሳት ይነሣል። ከደባርቅ ወዲያ በገደል አፋፍ ላይ ለተነሣ እሳት ማጥፊያ ከየት ይመጣል?

አዲሱ ፊውዝ እንደ ገባ ወዲያው ቢቃጠል፥ ደጋግሞ መለወጥ ከንቱ ነው፤ ጥፋቱ ከፊውዙ ሳይሆን ከሌላ ስፍራ ነው። በኰረኰንች መንገድ መንቀጥቀጥ ብዛት ሽቦው ከብረት ጋራ ተፋትጎ ልባሱ ይላጣል፤ በክረምት ውሃ ይገባል፤ በቆመ መኪና ውስጥ አይጥ ሽቦ ትበላለች፤ ወይም በኋላ የተጨመረ መብራትና ሬዲዮ ከልክ በላይ ኰረንቲ ይስባል። ይህን ፈልጎ ማግኘት የመካኒክ ሥራ ነው።

ሾፌር የማይነካቸውም አሉ። በባትሪው አጠገብ በብሎን የታሰሩት ታላላቅ ፊውዞች፥ ደግሞም በግጭት ጊዜ የሚነፋውን የአየር ከረጢት የሚያዝዙት ለባለሙያ ይተዉ። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሄዱ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለች ወዲህ በባትሪ ብቻ የሚሄዱት እየበዙ ስለ ሆነ፥ ብርቱካንማ ልባስ ያለው ወፍራም ሽቦ ሰው የሚገድል ኰረንቲ የሚያልፍበት መሆኑን ሁሉም ሊያውቅ ይገባል።

እንግዲህ አውቶሞቢል በእጁ ያለ ሹም ወይም ባለ ሀብት ሁሉ የሚከተሉትን ቢያስፈጽም መልካም ነው። በእያንዳንዱ መኪና ከየቍጥሩ ሁለት ሁለት መጠባበቂያ ፊውዝና አንድ የእጅ ባትሪ ይቀመጥ። ፊውዝ በተለወጠ ጊዜ ቀኑና ቍጥሩ በመኪናው መዝገብ ይጻፍ፤ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ የተለወጠ ፊውዝ ሽቦው መታመሙን ይናገራልና። ክረምት ከመግባቱ በፊት ሣጥኖቹ ተከፍተው ከአቧራና ከዝገት ይጠረጉ። ሽቦ ወይም ብርማ ወረቀት በፊውዝ ቦታ የተገኘበት መኪናም እስኪስተካከል ድረስ ከከተማ አይውጣ።

የዚህ ሁሉ ወጪ ከአንድ ጐማ ዋጋ አይደርስም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት እሳት ቢሆንም፥ ሊማሊሞን ለሚወርድ መኪናም ይሠራል።