ማጣሪያው ምን በልቶ ነው የሚያጠራው?

የመዋኛ ገንዳ ሲሠራ ከሰድር ምርጫ ቀጥሎ ብዙ የሚያከራክረው ማጣሪያው ውስጥ ምን ይሞላ የሚለው ነው። አንዱ ሻጭ የሲሊካ አሸዋ ይላል፤ ሌላው የተፈጨ ብርጭቆ፤ ሦስተኛው ዚዮላይት የተባለውን ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ ማዕድን ያመጣል። ሦስቱም ውሃ ያጠራሉ። በአብዛኛው ውሃውን የሚለየው ግን የሙሌቱ ስም ሳይሆን፣ ውሃው በሙሌቱ ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነትና ሙሌቱ የሚታጠብበት መንገድ ነው። ርካሹን አሸዋ በሰፊ ታንከር የሞላና በሥርዓት የሚያጥብ ሰው፣ ውዱን ብርጭቆ በጠባብ ታንከር ካጨቀው ጎረቤቱ የተሻለ ውሃ ይኖረዋል።

ስህተቱ የሚጀምረው ማጣሪያን እንደ ወንፊት ከማየት ነው። የገንዳ አሸዋ ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት አያንስም። ወንፊት ቢሆን ኖሮ ውሃውን የሚያደፈርሰው ደቃቅ ነገር ሁሉ ሾልኮ ባለፈ ነበር። አሸዋው ግን ያንን ደቃቅ ነገር ይይዛል፤ ቆሻሻው በጠመዝማዛው መንገድ ሲጓዝ ቅንጣቶቹን እየነካ ይለጠፋልና። መለጠፍ ደግሞ ፋታ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1892 ሃምቡርግ በኮሌራ ስታልቅ፣ ያንኑ የኤልባ ወንዝ ውሃ የምትጠጣው አጎራባቿ አልቶና ብዙም ሳትጎዳ ቀርታለች፤ ልዩነቱ አልቶና ውሃዋን በአሸዋ ታጣራ ነበር። የዚያ ዓይነት ማጣሪያ ውሃን በሰዓት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ስለሚያወርድ ለገንዳ አይሆንም። ቢሆንም ዝግታ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

እስቲ በቁጥር እንየው። 25 ሜትር ርዝመት፣ 12.5 ሜትር ወርድና በአማካይ 1.6 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 500 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ያን ያህል ውሃ በ4 ሰዓት አንዴ በማጣሪያው ይለፍ ከተባለ፣ ፓምፑ በሰዓት 125 ሜትር ኩብ ይገፋል። አሸዋው 5 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው ውሃው በሰዓት 25 ሜትር ፍጥነት ያልፋል፤ ስፋቱ በግማሽ ከተቀነሰ ፍጥነቱ 50 ይሆናል። ብዙ ሰው ለሚዋኝበት ገንዳ የሚመረጠው ወደ መጀመሪያው የሚጠጋው ነው። ጠባቡ ታንከር ግን በዋጋም በቦታም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይሸጣል። ውሃው ሲደፈርስ ደግሞ ጥፋቱ በአሸዋው ላይ ይወድቃል።

«ክሎሪን ሁሉን ይገድል የለም ወይ? ማጣሪያው ለማማር ነው» የሚሉ አሉ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተቅማጥ አምጪ ጥገኛ ግን ይህን አባባል አያከብርም፤ በአንድ ሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን ባለበት ውሃ ከ10 ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ በመጠጥ ውሃ ገብቶ 400 ሺህ ያህል ሰው ማሳመሙ ተገምቷል፤ ውሃው ክሎሪን ነበረው፣ የተጓደለው ማጣራቱ ነው። የጥገኛው ስፋት ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ስለሆነ አሸዋ ብቻውን በደንብ አይዘውም። የአልሙኒየም ውህድ በጥቂት በጥቂቱ ከማጣሪያው በፊት ሲንጠባጠብ ግን ደቃቁ ነገር ተያይዞ ስለሚጓጉል አሸዋው ይይዘዋል። የሽፈራው ፍሬ ደፍራሽ ውሃን የሚያጠራውም በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ለገንዳ ግን አልመክረውም፣ የሚተወው ቅሪት ክሎሪኑን ይበላል።

የሙሌቱ ዓይነት ምንም ለውጥ አያመጣም ማለቴ አይደለም። የተፈጨ ብርጭቆ ከአሸዋ ስለሚቀል በተመሳሳይ ታንከር ውስጥ የሚገባው ክብደት ያነሰ ነው፤ ጥሩ ሆኖ ሲዘጋጅም ቆሻሻውን ቶሎ ይለቃል። ዚዮላይት አሞኒያ መሳብ ይችላል፤ ችሎታው ሲሟጠጥ ግን በጨው ውሃ ካልታደሰ እንደ ማንኛውም ጠጠር ነው። ከሁሉም ደቃቁን የሚይዘው ዳያቶማይት ነው፤ የጥንት የውሃ ውስጥ ረቂቅ አልጌዎች ቅሪት የሆነው ይህ ነጭ ዱቄት በአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢም ይገኛል። ነገር ግን ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ያለ ጭምብል አይነካም። «ታዲያ የወንዝ አሸዋ ሞልቶ ሳለ ለምን እንገዛለን?» ለሚለውም መልስ አለ። የግንባታ አሸዋ ደቃቁም ሻካራውም የተደባለቀበት ነው፤ ደቃቁ ክፍተቱን ይደፍናል፣ ከታች ባሉት ቱቦዎችም ሾልኮ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ጥቂቱን በውሃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ነቅንቀው ውሃው ጭቃ ከመሰለ፣ ወይም አቼቶ ሲፈስበት ከፈላ፣ ለማጣሪያ አይሆንም።

ከባዱ ተቃውሞ የእጥበቱ ነው። ማጣሪያ የሚጸዳው ውሃውን ከታች ወደ ላይ በኃይል በመልቀቅ ሲሆን፣ አሸዋው ተነሥቶ እስኪንሳፈፍ ድረስ መገፋት አለበት። ያ 5 ካሬ ሜትር አሸዋ በሰዓት 40 ሜትር ፍጥነት ለ4 ደቂቃ ቢታጠብ 13 ሺህ ሊትር ገደማ ይፈሳል፤ ከአንድ ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ በላይ መሆኑ ነው። ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ይህ ያማል፤ እጥበቱን ማዘግየትም የብልህ ሥራ ይመስላል። ግን ላብና ሽንት በውሃው ውስጥ የሚሟሙ ስለሆኑ የትኛውም ሙሌት ጠርጎ አያወጣቸውም፤ ዓይን የሚቆጠቁጠውና «የክሎሪን» የሚባለው ሽታም በአብዛኛው ከእነሱና ከክሎሪኑ ውህደት የሚመጣ ነው። መፍትሔው አዲስ ውሃ መጨመር ነው። ለአንድ ዋናተኛ በቀን 30 ሊትር አዲስ ውሃ የሚለው የተለመደ ልክ ከተያዘ፣ ለእጥበት የፈሰሰው ውሃ ሲተካ የ440 ዋናተኞችን ድርሻ ይሸፍናል። የወጣውም ውሃ ክሎሪኑ እስኪበርድ ካደረ ግቢ ማጠቢያ ይሆናል። ይህም የማይቻልበት ትንሽ የግል ገንዳ ካርትሪጅ የተባለውን ተነቃይ ማጣሪያ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ ካርትሪጅ ወጥቶ በጎማ ይታጠባልና።

በየቀኑ ማጠብም ትጋት አይደለም፤ በመጠኑ የቆሸሸ አሸዋ ከታጠበው የተሻለ ስለሚይዝ ያለ ልክ መታጠቡ ይጎዳዋል። የግፊት ጌጁ አሸዋው ንጹሕ በነበረበት ጊዜ ካሳየው ግማሽ ባር ያህል ሲጨምር፣ ባይጨምርም በሳምንት አንዴ፣ ማታ ዋናተኞች ከወጡ በኋላ ይታጠብ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፓምፑ በድንገት ስለሚገፋ የተያዘው ቆሻሻ ተላቅቆ ወደ ገንዳው ይመለሳል፤ ቫልቩን ቀስ አድርጎ መክፈት ያስፈልጋል። በዓመት አንዴ ክዳኑን አንሥቶ ማየትም ግድ ነው፦ የጭቃ ኳስ ወይም የተቦረቦረ ጉድጓድ ካለ እጥበቱ ደካማ ነበር ማለት ነው። አሸዋ በ5 እና በ7 ዓመት መካከል ይቀየራል ይባላል፤ በደንብ የታጠበ ግን ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። እናም ሙሌት ሊሸጥልዎ የመጣውን ሰው፣ ስለ ብርጭቆም ሆነ ስለ ዚዮላይት ከመናገሩ በፊት፣ ታንከሩ ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ ይጠይቁት።